“ጸደቀ” ማለት ምን ማለት ነው? ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እስከ እኔ ሪፖርት

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻ ላይ የራሴን ጥፋት ስለምናገር እሱ ላይ ሳትደርሱ እንዳትሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር 10ኛ ክፍል ታሪክ እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ “ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ” ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ እንደ ችግኝ ነው የጸደቀው ወይስ እንደ ጻድቅ?”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁና “እንቀጥል” ብዬ አለፍኩት። ለመሳቅ የጠየቀች መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሯን ከፍታ መልስ እየጠበቀች ነበር። ደወል ሲደወል ገና እየጠበቀች ነበር።

አስተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቤት ድረስ ይከተላል። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ታክሲ ውስጥ ቆሜ እያሰብኩት ሄድኩ። እውነትም ይሄ ቃል ስንት ቦታ ነው የገባው?

እስቲ አብረን እንቁጠረው።

ችግኝ ተክለን ሥር ሲሰድ “ጸደቀ” እንላለን። ሰው መልካም ሠርቶ ለገነት ሲበቃ “ጸደቀ” እንላለን። ምክር ቤት አዋጅ ሲያልፍ “ጸደቀ” ይባላል። የዕድር ቃለ ጉባኤም ይጸድቃል፣ የወረዳ በጀትም ይጸድቃል። ለነዳያን ሳንቲም የሚሰጥ ሰው “ለጽድቅ ብዬ ነው” ይላል። ደግሞ የተማረረ ሰው “ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ” ይላል። አንድ ቃል መንግሥተ ሰማያትንም፣ ፓርላማንም፣ ጓሮንም ይዟል።

ሥሩ ግዕዝ ነው፤ “ጸድቀ”። ትርጉሙ እውነተኛ ሆነ፣ ቅን ሆነ፣ እውነትነቱ ተገለጠ ወደሚለው ይሄዳል። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው። ዕብራይስጥ ፍትሕንና ጽድቅን “ጼዴቅ” ይላል፤ ዐረብኛ እውነትን “ሲድቅ” ይላል። መልከ ጼዴቅ የሚለው ስም ውስጥ ያለው “ጼዴቅ” ራሱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከእኛ ጓሮ በፊት ረጅም መንገድ ተጉዟል።

ታዲያ ችግኝ ውስጥ ምን አስገባው? እኔ እንደሚገባኝ እንዲህ ነው። ችግኝ ስትተክል ገና ተስፋ ነው፤ ዛፍ እሆናለሁ ብሎ ቃል የገባ ነገር ነው። ሥር ሰዶ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቃሉን ጠበቀ፣ እውነት ሆነ። ጸደቀ። ካልጸደቀ ደግሞ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ጉድጓዱ አለ፣ ዛፉ ግን የለም።

አብሮት የሚሄደው ሌላው ቃል “ተከለ” ነው። እሱንም ልብ በሉት። ችግኝ ይተከላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ምሰሶ ይተከላል፣ ደብር ይተከላል። ከ“ተከለ” ነው “ተክል” የመጣው። ተክሌ፣ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ማርያም የምንላቸው ስሞች ሁሉ ከዚያው ናቸው። “ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት” ስንል ሁለቱንም ቃል በአንድ ትንፋሽ እየጠራን ነው። ተክልም ነው፣ ጻድቅም ነው። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አንድም ቀን አስተውዬው አላውቅም።

ልዩነቱ ይሄ ነው። መትከል የሰው ሥራ ነው። መጽደቅ ግን የተካይ ብቻ አይደለም። የአፈሩ ነው፣ የዝናቡ ነው፣ የጠባቂው ነው፣ የጊዜው ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ ምክንያቱም ይሄንን ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ከቤቴ በር ላይ ሆኜ የማየው ተራራ ነው።

ድሮ “ከተማ” ማለት እንደ ዛሬው አልነበረም። የንጉሡ ጦር የሰፈረበት ቦታ ነበር። ድንኳን ይተከላል፣ እልፍኝ ይሠራል፣ ሰው ይሰበሰባል። ከዚያ እንጨቱ ያልቃል። ማገዶው ሲርቅ ከተማው ይነሳና ሌላ ቦታ ይተከላል። እንጨት ብቻ አይደለም ምክንያቱ፤ ጦርነትም አለ፣ ፖለቲካም አለ። ግን እንጨት ትልቁ ነገር ነበር። ምኒልክ ራሳቸው አንኮበር ነበሩ፣ ልቼ ነበሩ፣ ወረ ኢሉ ነበሩ። በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ወጡ።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ለመከላከል ይመቻል፤ ለመኖር ግን ብርድ ነው፣ ንፋስ ነው፣ ውኃም ሩቅ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ከተማው ከተራራው ወረደ። እንጨቱ ግን የሚመጣው ከዚያው ከተራራው ነበር። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ተቆርጦ ቤት ሆነ፣ አጥር ሆነ፣ ማገዶ ሆነ። ዛሬ ያ ደን ምን ይመስል እንደነበር ለማየት የምትፈልጉ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ግቡ። ቅሪቱ እዚያ ነው ያለው።

ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አዲስ አበባም እንደ ቀድሞዎቹ ልትነሳ ደረሰች። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ በአምቦ መንገድ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሙን ልብ በሉት፤ “አዲስ ዓለም” ነው ያሉት፤ እዚህ ያለው ዓለም ሊቀር ነበር ማለት ነው። ሥራው ተጀምሮ ግን ከተማው አልሄደም። እዚያ የተሠራው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተቀየረ፤ የዛሬዋ አዲስ ዓለም ማርያም ማለት ነው።

ምን አስቀረው? ብዙ ድንጋይ ቤት ተሠርቷል፣ ለጋሲዮኖቹም ቦታ ይዘዋል። እኛው የካ ውስጥ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ሩሲያ ኤምባሲ ያሉባቸውን ሰፋፊ ግቢዎች አስቡ። ግን አንዱ ትልቅ ምክንያት ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አመጣው ተብሎ ስሙ በብዛት የሚነሳው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ስሙን ሕዝቡ አወጣለት። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ። ባሕር ተሻግሮ የመጣውን በቆሎም በሰሜኑ “የባሕር ማሽላ” ይሉታል፤ አሰያየሙ አንድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ700 በላይ ዝርያ አለው። እንጦጦንና የካን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው። ካሊፎርኒያም ፖርቱጋልም ይሄንኑ ዝርያ ወስደው ተክለዋል።

ምኒልክ ብልህ ነገር አደረጉ። ችግኙ በርካሽ እንዲከፋፈል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ያኔ ማን ያልተክል? በአምስት ስድስት ዓመት አጠና ይሆናል። ብትቆርጠው ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ደግመህ መትከል አያስፈልግህም። ከብት ቅጠሉን አይበላውም። በጋው አይገድለውም። እንደሱ የሚጸድቅ ዛፍ አልታየም። ጥቂት አሥርት ዓመት ውስጥ ከተማዋን ሸፈናት፤ ፈረንጆቹም “ዩካሊፕቶፖሊስ” እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ የባሕር ዛፍ ከተማ ለማለት።

እንግዲህ እኔ ለተማሪዎቼ የምለው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የተተከለችው በ1879 ነው። የጸደቀችው ግን ባሕር ዛፉ ሲጸድቅ ነው። ከዚያ በፊት ከተተከሉት ከተሞች ብዙዎቹ ችግኝ ሆነው ቀሩ።

ግን ታሪክ አስተምራለሁና አንዱን ወገን ብቻ ነግሬ ማለፍ አልችልም። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል። ከሥሩ ሌላ ነገር እንደልቡ አያበቅልም። ተዳፋት ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ሥር አፈሩ ራቁቱን ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል። ይሄ ቅሬታ አዲስ አይደለም። በ1900ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ዛፉ 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ ይተከል የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ ወጣ፤ ማለትም ወረቀት ላይ ጸደቀ። ባሕር ዛፉ ግን አልተነቀለም። እንጆሪውም አልጸደቀም። ወረቀት ላይ የጸደቀና መሬት ላይ የጸደቀ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

ቤት ገብቼ ጥያቄውን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እንጦጦን ግን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። እኔ ልጅ ሳለሁ ከፈረንሳይ በላይ ካለው ጫካ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመች ትወርድ ነበር። ሌሊት ትወጣለች፣ ጀርባዋ ለሁለት ታጥፎ ትመለሳለች፣ ለእንጀራ ጋጋሪዎች ትሸጣለች። አንዳንድ ቀን ጥበቃ ያገኛቸውና ገመዳቸውን ይቀማቸዋል፤ ያን ቀን ባዶ እጇን ትገባለች። እኔ የተማርኩት በዚያ ቅጠል ነው። ጉንፋን ሲይዘኝም የታጠንኩት በዚያው ቅጠል ነው። ስለዚህ ስለ ባሕር ዛፍ ክፉ ስናገር ምላሴ ትንሽ ይከብደኛል።

“እማዬ፣ ችግኝ ጸደቀ የሚባለው መቼ ነው?” አልኳት።

ሽንኩርቷን እየላጠች “በጋ ሲያልፍ ነዋ” አለችኝ። “ክረምትማ ዱላ ብትተክልም ይለመልማል። የየካቲት ፀሐይ ያለፈውን ነው ጸደቀ የሚሉት።”

ይቺ ናት ትምህርቷ። ዶክተር ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይነግረኝም ነበር።

አስቡት። ሐምሌ ላይ እንተክላለን። አፈሩ ርሷል፣ ጉም አለ፣ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። መስከረም ላይ ብትቆጥር ሁሉም ቆሟል። ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ብርዱ ይመጣል፣ ውርጩ ይመታዋል። ከዚያ በጋው። ከዚያ ፍየሉ። ያን ሁሉ አልፎ ግንቦት ላይ አዲስ ቅጠል ያለው እሱ ጸድቋል። ባለሙያዎቹ “የጽድቀት መጠን” የሚሉት ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስን።

ካቻምና ሐምሌ ከተማሪዎቻችን ጋር ከኮተቤ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ 240 ችግኝ ተክለናል። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ግራቪሊያ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ቲሸርት ለብሰናል፣ ፎቶ ተነሥተናል፣ ዳቦ በሻይ በልተናል። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። ኅዳር ላይ የሚሞላ ቅጽ መጣ። አንዱ ዓምድ “የተተከለ” ይላል፤ 240 ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ ያለው “የጸደቀ በመቶኛ” ይላል።

አልወጣሁም። ፈተና እያረምኩ ነበር፣ ጊዜ አልነበረኝም፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሆኜ 85 ብዬ ጻፍኩ። ለምን 85? 100 ቢባል አይታመንም፣ 60 ቢባል ያስጠይቃል። ፈረምኩበት። ቅጹም ወደ ላይ ሄደ። ጸደቀ።

እናቴ ያን ቃል ስትለኝ ትዝ ያለኝ ይሄ 85 ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ጠዋት ቁርሴን በደንብ አልበላሁም።

ቅዳሜ ዕለት ያቺን ልጅና ሌሎች ሰባት ተማሪዎች ይዤ ወጣሁ። ጥያቄሽን መሬት ላይ እንመልሰው አልኳት። ቦታውን ለማግኘት ራሱ ተቸገርን፤ ቁጥቋጦው ውጦታል። አንድ ከብት የሚያግዱ አባት “እናንተ ናችሁ የተከላችሁት? ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም እኮ” አሉን። መልስ አልነበረኝም።

ቆጠርን። ሁለት ጊዜ ቆጠርን። 57።

ከ240 ውስጥ 57። 24 በመቶ እንኳ አይሞላም። የተረፉት አብዛኞቹ ወይራ ናቸው፤ ቁጥቋጦ ጥላ የሆናቸውና ፍየል ያላያቸው። ከግራቪሊያው ሦስት ቀርቷል። በነገራችን ላይ እሱም እንደ ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዘር ነው፤ ባሕር የተሻገረ ሁሉ እዚህ አይጸድቅም ማለት ነው።

ልጅቷ አንድ የደረቀ ጥድ ይዛ ስባ አወጣችው። ሥሩ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ወጣ። የተተከለው ፕላስቲኩ ሳይቀደድለት ነው። ሥሩ መሄጃ አጥቶ ውስጡ ተጠምጥሞ፣ እንደ ክር ድውር ሆኖ ቀርቷል። አንድ ብቻ አይደለም፤ 11 እንዲህ ዓይነት አገኘን።

“ቲቸር፣ ይሄ እኮ አልተተከለም፤ ተቀብሮ ነው” አለች።

ያን ቀን ፎቶ ስንነሣ ማን ፕላስቲኩን ያያል? አሳዩ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፕላስቲኩ ይቀደዳል፣ ጉድጓዱ ቀደም ብሎ ተቆፍሮ አፈሩ ይናፈሳል፣ የላይኛው አፈር ከታች ይመለሳል፣ ዙሪያው በእግር ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። ይሄን አውቃለሁ። ግን 240 ለመሙላት ቸኩለን ነበር።

ይሄን የምጽፈው ችግኝ ተከላን ለማጣጣል አይደለም። እንዲህ የሚያነብልኝ ካለ ቶሎ ይመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሲያወራ እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፤ በየዓመቱም እተክላለሁ። የተራቆተ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ዛፍ አያስፈልግም ሊል አይችልም። ግን ከታሪካችን አንድ ነገር እንማር። በደርግ ጊዜ በዘመቻ ስንት ተራራ ለብሶ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ተቆረጠ። ሕዝቡ “የእኔ” አላለውማ። የምኒልኩ ባሕር ዛፍ ግን ባለቤት ነበረው። ገበሬው በመሬቱ ላይ ተክሎ፣ ጠብቆ፣ ሸጦ ይጠቀምበት ነበር። የጸደቀውም ዛፉ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ስለነበረው ነው።

ሰኞ ዕለት ለሚመለከተው ክፍል አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። “ካቻምና የሞላሁት 85 በመቶ ሳይቆጠር የተጻፈ ነው፤ ተቆጥሮ የተገኘው 57 ችግኝ ነው” ብዬ ፈረምኩ። የሥራ ባልደረባዬ “አብደሃል? ማን ጠየቀህ?” አለኝ። ልክ ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ብቻ ናት የጠየቀችኝ። ወረቀቱ ምን እንደሚያመጣብኝ ገና አላየሁም፤ ካመጣም እቀበላለሁ።

ማክሰኞ ክፍል ገብቼ መልሷን ሰጠኋት። እንዲህ አልኳት፦ ሕግ በአንድ ቀን ይጸድቃል፤ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል። ሕገ መንግሥቱም ኅዳር 29 እንዲያ ነው የጸደቀው። ግን ሕግም እንደ ችግኝ ሁለተኛ መጽደቅ አለው። ሰው ሲኖርበት፣ ዳኛ ሲፈርድበት፣ በጋውን ሲያልፍ ነው እሱ። ስለዚህ ጥያቄሽ ቀልድ አልነበረም፤ ያን ዕለት መሳቅ አልነበረብኝም።

“እሺ ቲቸር” አለችና ጻፈችው።

ለዘንድሮ ክረምት ተነጋግረናል። 240 አንተክልም። 40 ነው የምንተክለው፤ ወይራና ኮሶ ብቻ። ጉድጓዱን ከአሁኑ ቆፍረናል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ይይዛል፤ ከብት የሚያግዱትን አባትም አነጋግረናቸው እሺ ብለውናል። በየወሩ አንድ ቅዳሜ እንወጣለን። እናቴም ጉልበቷ ከፈቀደላት አንድ ቀን አብራን ልትመጣ ነው፤ ያን ተራራ ሳትሸከም መውጣት አምሯታል።

የካቲት ካለፈ በኋላ ቆጥሬ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ያው እሱኑ ነው የምጽፈው።

እስቲ እናንተም በየሰፈራችሁ ካቻምና የተከላችሁትን ሄዳችሁ እዩትና ስንቱ እንደጸደቀ በኮሜንት ጻፉልኝ። የተተከለውን አይደለም፣ የጸደቀውን።

መልካም ሰንበት።